በሰው አገር በልክ መኖር



የዛሬው ንግግራችን በየቤታችን ስለሚነሣ፥ ነገር ግን በግልጽ ስለማንወያይበት ጉዳይ ነው። ይኸውም ወደ ውጭ አገር የሄዱት ልጆቻችን እንዴት ይኖራሉ? እኛስ ኑሯቸውን በምን ዐይን እንመለከተዋለን? የሚለው ነው።

ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ተነሥተው ባሕር የተሻገሩ ባልና ሚስት በሐሳባችሁ ይታዩአችሁ። ከተጋቡ ጥቂት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አንድ ሕፃን አላቸው። የሚኖሩት በተከራዩት ጠባብ ቤት ነው። ባል ሌሊት ሲሠራ ሚስት ልጁን ትጠብቃለች፤ እርሷ ጧት ስትወጣ እርሱ ይተካታል። ምሳቸውን ከቤት ቋጥረው ይሄዳሉ። ልጃቸው የሚለብሰው ካፖርት አስቀድሞ ሌላ ልጅ የለበሰው ነው። ጤፍ ስለሚወደድባቸው እንጀራ የሚበሉት በሰንበት ነው፤ የቀረውን ቀን በሩዝና በምስር ይገፉታል። ደመወዝ ሲገባ በመጀመሪያ የቤት ኪራይ፥ ቀጥሎ የመብራትና የማሞቂያ ዋጋ ይነሣለታል፤ ከተረፈው ላይ ለእናት ለአባት ይላካል።

እዚህ ያለነው ዘመዶች ግን የምናየው ፎቶግራፋቸውን ነው። ከኋላቸው የቆመውን ሕንፃና አውቶሞቢል አይተን «ደልቷቸዋል» እንላለን። ለሠርጉ፥ ለተዝካሩ፥ ለቤት ማደሻው እንዲልኩ እንጠይቃለን። የተላከው ያነሰ እንደ ሆነ «ሰው አገር ገብተው ንፉግ ሆኑ» የሚል ቃል ካፋችን ይወጣል። ይህ ቃል ወንድምን ከወንድም አለያይቷል። ለመሆኑ ቁጠባና ንፉግነት አንድ ናቸውን?

የምዕራብ ጎጃምን ገበሬ ጠይቁት። በቆሎውን፥ ጤፉንና በርበሬውን በሰበሰበ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ዘሩን ለይቶ ያኖራል። ክረምት ገብቶ እህል ሲያጥር ቤተ ሰቡ ከማዕዱ ይቀንሳል እንጂ ዘሩን አይነካም። ጎረቤቱ ያን ዘር ለምኖት ቢከለክለው ማንም ንፉግ አይለውም። ዘሩን የበላ ቤት በሚመጣው ዓመት ራሱ ለማኝ እንደሚሆን ሁሉም ያውቃልና። በሰው አገር ያሉት ወጣቶች የሚቈጥቡት ገንዘብም እንደዚሁ ዘር ነው።

በስደት የኑሮን ልክ መለካት ታላላቆችንም የጐበኘ ነገር ነው። ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወጡ። ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ ለመንግሥታት ማኅበር አቤቱታቸውን ካሰሙ በኋላ ባዝ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ፌርፊልድ የተባለውን ቤት ገዝተው ተቀመጡ። ቤቱ ሰፊ ነበር፤ የድኻ ጎጆ ነበር ብዬ አላታልላችሁም። ዳሩ ግን ልጆችን፥ የልጅ ልጆችንና አብረው የተሰደዱትን የሚያኖር፥ የታመነ ገቢ ግን የጐደለው ቤት ነበር። ከአገር የመጣው የብር ዕቃ ለሽያጭ ቀረበ። ኬብል ኤንድ ዋየርለስ ከተባለው ኩባንያ የሚፈለገውን ከ10 ሺህ ፓውንድ የሚበልጥ ዕዳ ንጉሠ ነገሥቱ በሎንዶን ፍርድ ቤት ጠይቀው በ1930 ዓ.ም. ተፈርዶላቸው ነበር። ነገር ግን ይግባኙ ሳይወሰን የእንግሊዝ መንግሥት የኢጣልያን ገዥነት በሕግ ስላወቀ፥ በ1931 ዓ.ም. ያ ተስፋ የተደረገበት ገንዘብ ቀረባቸው።

በዚያው ዘመን ሴት ልጃቸው ልዕልት ፀሐይ በሎንዶን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው የነርስነት ሥራ ተማሩ። የንጉሥ ልጅ የታመመ ሕፃን በማስታመማቸው ክብራቸው አልጐደለም፤ እንዲያውም ዛሬ የምናነሣላቸው ይህንኑ ነው።

ያን ኑሮ የታገሡት ለመመለስ ነበር። በጎጃም እነ መንገሻ ጀምበሬ፥ እነ ነጋሽ በዛብህና እነ በላይ ዘለቀ ከእነርሱ እጅግ የከፋውን ችግር በዱር በገደል ተቀብለው ሲዋጉ ቆዩ። ንጉሠ ነገሥቱም ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል የአገራቸውን መሬት ረገጡ። ጠላት ቡሬን ከለቀቀ በኋላ በዚያው በጎጃም መንገድ አልፈው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፥ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ትርጓሜዋ የሰላም መንገድ የሆነው ፍኖተ ሰላምም ስሟን ከዚህ ጉዞ እንዳገኘች ይነገራል። ፌርፊልድንም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1958 ለአረጋውያን መጦሪያ እንዲሆን ለባዝ ከተማ ሰጡት።

እንግዲህ በወር ደመወዝ የምትተዳደሩ የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፤ ነገሩን ከማንም ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ዘመድ በር ቢያንኳኳ ምን እንደሚሰማችሁ አትዘነጉትም። ያ ስሜት በሰው አገር ላሉት ልጆቻችሁም አለ፤ ልዩነቱ የእነርሱን ወር የሚያይላቸው ሰው አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ገና ባልተላከ ገንዘብ ተማምናችሁ አትበደሩ፤ ሠርጋችሁንም በራሳችሁ አቅም ደግሱ። እግርህን በፍራሽህ ልክ ዘርጋ የተባለው ለስደተኛው ብቻ አይደለም።

እናንተም በውጭ ያላችሁ ወጣቶች ያላችሁበትን ኑሮ አትሸፍኑ። በሰው አውቶሞቢል አጠገብ ቆማችሁ የተነሣችሁትን ፎቶግራፍ ከመላክ ይልቅ የቤት ኪራያችሁን ልክ ለአባታችሁ ንገሩ። ደመወዝ ምን እንደሆነ ባያውቅ እንኳ ዘር ምን እንደሆነ ያውቃልና ይረዳችኋል።

ከእነርሱ ጋር በስልክ በምትነጋገሩበት በሚመጣው ጊዜ «ምን ያህል ትልካላችሁ?» ከማለታችሁ በፊት «ለእናንተስ ምን ይተርፋችኋል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ከዚያም መልሱን ሳታቋርጡ እስከ መጨረሻው አድምጡ።