የልጅነት ጉዳትና የሰው ዋጋ
ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



መሐንዲስ ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ መንገድ ሲናገር መስማት የተለመደ ነው። ስለ ሰው ልጅ የውስጥ ክብር መናገር ግን የሃይማኖት አባቶችና የሐኪሞች ድርሻ ተደርጎ ይታያል። ዳሩ ግን ማናቸውም ሥራ የሚከናወነው በሰው ነው፤ ሰውም ወደ ሥራው ቦታ የሚመጣው ልጅነቱን ይዞ ነው። ያለ አባት ያደገ፣ ዱላና ስድብ የበዛበት፣ በዘመድ ቤት እንደ ትርፍ አፍ የተቆጠረ ልጅ፣ ጎልምሶ ዲፕሎማ ቢይዝም እንኳ «እኔ ለምን እረባለሁ?» የሚለው ሐሳብ ከልቡ በቀላሉ አይወጣም። አለቃው ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ይደነግጣል፤ ያላወቀውን ከመጠየቅ ይልቅ ያወቀ መስሎ ያልፋል፤ ስሕተቱንም ይደብቃል። በግንባታ ሥራ ላይ የተደበቀ ስሕተት ምን እንደሚያስከትል ለዚህ ማኅበር አባላት ማስረዳት አያስፈልግም።

እንግዲህ በልጅነቱ የተናቀ ሰው ለራሱ የሚሰጠውን ክብር ከምን ሊገነባው ይችላል? ለዚህ ጥያቄ ከሙያው ታሪክ አንድ ምሳሌ መጥቀስ ይጠቅማል። በዚህ ንግግር የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቶማስ ቴልፎርድ በ1757 ዓ.ም. በደቡብ ስኮትላንድ፣ ኤስክዴል በተባለ ሸለቆ ተወለደ። አባቱ የበግ እረኛ ነበር፤ ልጁ በተወለደ በጥቂት ወራት ውስጥ ሞተ። እናቱ ጃኔት ጃክሰን ከሌላ ቤተሰብ ጋር በተጋራችው ጎጆ እየኖረች፣ ለአካባቢው ገበሬዎች በጉልበቷ እየሠራች አሳደገችው። እርሱም ገና በልጅነቱ በእረኝነት ያግዛት ነበር። በኢትዮጵያ «ሴት ያሳደገው» የሚለው አነጋገር ለስድብ ሲውል መኖሩ የታወቀ ነው። ይህ ልጅ በዚያ አነጋገር ቢመዘን ኖሮ ገና ከጅምሩ የወደቀ ይባል ነበር።

ግንበኝነት እንዲማር መጀመሪያ የተቀጠረበት ጌታ ክፉ ሰው ስለ ነበረ፣ ልጁ ግፉን መቋቋም አቅቶት ጥቂት ወራት ቆይቶ ወደ እናቱ ሸሸ። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ «ሰነፍ ነው፤ ሙያ አይወጣውም» ተብሎ እዚያው ሊቀር ይችል ነበር። ነገር ግን አንድ ዘመዱ ላንግሆልም በምትባል ትንሽ ከተማ ሌላ ግንበኛ ፈልጎ አስቀጠረው። በዚያችው ከተማ ሚስ ፓስሊ የተባሉ አረጋዊት የመጻሕፍት ሣጥናቸውን ከፍተው ያበድሩት ጀመር። ልጁ ያገኘው ውለታ ይህን ያህል ነው፦ ዳግመኛ እንዲሞክር ዕድል የሰጠው አንድ ዘመድ፣ እንደሚያነብና እንደሚያስተውል ሰው የቆጠሩት አንዲት ወይዘሮ፣ ከሁሉም በፊት ያልተወችው እናት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሙያው ታሪክ መዝግቦታል። በ1782 ዓ.ም. ወደ ለንደን ሄዶ በሶመርሴት ሐውስ ሕንፃ ላይ በግንበኝነት ሠራ። በ1805 ዓ.ም. የጀልባ መተላለፊያ ቦይ ተሸክሞ ሸለቆ የሚሻገረው የፖንትኪሲልቴ ድልድይ፣ በ1826 ዓ.ም. ደግሞ ዋና ስፋቱ 176 ሜትር የሆነው የሜናይ ተንጠልጣይ ድልድይ በእርሱ መሪነት ተፈጸሙ። በ1818 ዓ.ም. ወጣት መሐንዲሶች በለንደን ያቋቋሙት የሲቪል መሐንዲሶች ተቋም በ1820 ዓ.ም. የመጀመሪያ ፕሬዚዳንቱ አድርጎ መረጠው፤ በ1834 ዓ.ም. እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስም በዚሁ ሥልጣን ላይ ቆየ።

ይሁን እንጂ ከድልድዮቹ ሁሉ ይልቅ ለዛሬው ጉዳይ የሚያስተምረው በልጅነቱ ሸለቆ ያቆመው አንድ ድንጋይ ነው። ቴልፎርድ ገና ወጣት ግንበኛ ሳለ ለአባቱ መቃብር ድንጋይ ጠርቦ፣ አባቱ ነቀፋ የሌለበት እረኛ እንደ ነበረ ቀረጸበት። እረኝነቱን አልደበቀም፤ ድኽነቱንም በሌላ ማዕርግ አልሸፈነም። የሰውን ዋጋ የለካው ሰውዬው በያዘው ሥራ በታማኝነት በመኖሩ ነው። በዚህ መለኪያ እረኛም ፕሬዚዳንትም እኩል ይመዘናሉ። ክብሩን በማዕርጉ ላይ ብቻ የመሠረተ ሰው ማዕርጉ በተነሣ ዕለት አብሮ ይወድቃል፤ በዚህኛው መለኪያ የጸና ሰው ግን ሹመቱ ቢመጣም ቢሄድም የሚቆምበት አያጣም።

አንድ ታላቅ ሰው ለሁሉም ማስረጃ ሊሆን አይችልም የሚል ቢኖር ትክክል ነው። ስለዚህ ወደ ጥናት መመልከት ያሻል። ኤሚ ቨርነር የተባሉ የሥነ ልቡና ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ በሃዋይ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በካዋይ በ1955 ዓ.ም. የተወለዱ 698 ሕፃናትን እስከ 40 ዓመት ዕድሜያቸው ድረስ ተከታትለዋል። ከነዚህ መካከል በድኽነት፣ በቤተሰብ ጠብ፣ በወላጅ መጠጥ ወይም የአእምሮ ሕመም መካከል ካደጉት ሲሶ የሚሆኑት ሥራቸውን የሚወዱ፣ ለሰው የሚያስቡ ጎልማሶች ሆኑ። እነዚህ ልጆች ብዙውን ጊዜ የሚጋሩት ነገር ነበራቸው። ከወላጅ ውጭም ቢሆን የሚያምናቸው አንድ ዐዋቂ ሰው ነበራቸው፤ ሌላው ሰው በእውነት የሚያስፈልገው ኀላፊነት ተሰጥቷቸው ነበር፤ ዕድላቸውም በከፊል በእጃቸው እንዳለ ያምኑ ነበር። የቀሩት ሁለት እጅ ግን ለችግር ተዳረጉ፤ ይህንን ማለዘብ አይገባም። ሆኖም ከነርሱም ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ወደ ሠላሳና ወደ አርባ ሲደርስ በትምህርት፣ በመልካም ትዳር፣ በእምነት ወይም በአዲስ ሥራ አማካይነት ቀንተዋል። እንግዲህ መሽቷል ማለት ስሕተት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ውዳሴ ብቻውን ሰውን እንደማያቆም ነው። ባዶ ምስጋና የተጎዳ ሰው ጆሮ ላይ እንደ ፌዝ ይሰማል። እውነተኛ ሥራ ተሰጥቶት፣ ሥራው በእውነት ተለክቶ፣ «ይህንን አንተ ሠርተኸዋል» የተባለ ሰው ግን ማንም ሊክደው የማይችል ምስክር በእጁ ይይዛል። ከዚያም ቀስ በቀስ ሥራው ቢሳሳት እንኳ ሰውነቱ እንደማይፈርስ ይማራል።

እዚህ ላይ የነባር መሐንዲስ፣ የፎርማንና የግንበኛ አለቃ ኀላፊነት ይመጣል። ግንቡ በቱንቢ ተለክቶ ጠሞ ከተገኘ ይፍረስ፤ ይህ ያለ ማወላወል የሚፈጸም የሙያ ሕግ ነው። ነገር ግን ቱንቢው የሚለካው ግንቡን ነው፤ የግንበኛውን ትውልድ፣ ድኽነቱንና አስተዳደጉን አይለካም። «ይህ ረድፍ ሁለት ጣት ወጥቷል፤ አፍርሰህ ሥራው፤ እኔም አጠገብህ እቆማለሁ» የሚል አለቃ ሥራውንም ሰውየውንም ያቀናል። «ድሮም ካንተ ምን ይጠበቃል!» የሚለው ግን ልጁ በቤቱ ሲሰማው የኖረውን ፍርድ ያጸናበታል፤ በሚቀጥለውም ጊዜ ጠማማውን ግንብ በልስን ያስሸፍነዋል።

ልጅነቱ የከበደበት ሰው በበኩሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ለደረሰበት ጉዳት ተጠያቂው እርሱ አይደለም፤ ዛሬ በእጁ ላለው ሥራ ግን ኀላፊው እርሱ ነው። ያሳደጉትን ድኾች ሳያፍርባቸው፣ ያላወቀውን ሳይፈራ እየጠየቀ፣ የሠራውን በእውነት እያስለካ ቢጓዝ ለራሱ የሚሰጠው ክብር በየዕለቱ ሥራው ይጸናል። የማኅበሩ አባላትም በየሥራ ቦታቸው በዓመት አንድ ወጣት እንኳ መርጠው፣ እንደ ላንግሆልሟ አረጋዊት የመጻሕፍት ሣጥናቸውን ቢከፍቱለት፣ ከሚሠሩአቸው ድልድዮች የማያንስ ሥራ ይሠራሉ።