ለቅሶ ብቻ አይበቃም

እኛ የአዴት ሰዎች ሰው ሲሞት ድንኳን ተክለን ሦስት ቀን እንቀመጣለን። አእምሮው የታመመበትን ቤት ግን ማን ይጠይቃል? በቡታጅራ ጽኑ የአእምሮ ሕሙማን ለ10 ዓመት ተከታትለው ተጠንተዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. እንደታተመው ከሌላው ሰው ወደ 30 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ። ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉን የወሰደው ተላላፊ በሽታ ነው፤ በጊዜ ቢታይ ብዙው የሚታከም! እዚያው በተደረገ ሌላ ጥናት፣ በ2001 እ.ኤ.አ. እንደወጣው፣ ከ4 የሕሙማን ዘመዶች 3ቱ በሕመሙ ሳቢያ መገለል እንዳለባቸው ተናግረዋል። ታዲያ ቤተሰብ ሕመምተኛውን ቢደብቅ ምን ይገርማል? ጠበሉም ይቀጥል፣ መድኃኒቱም አይቋረጥ። እኛ የምንጠይቀው፣ ዕድራችን እንዲህ ያለውን ቤት በየወሩ የሚጠይቁ፣ ሕመምተኛውንም ጤና ጣቢያ የሚያደርሱ ሁለት ሰዎች እንዲመድብ ነው።