ስለ ሕዝብ ጤና አጠባበቅና ስለ ሐዋሳ ሐይቅ የተደረገ ንግግር



ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ የሚለውን ምክር ያልሰማ ሰው የለም። ነገር ግን ብዙ ሰው ይህን ምክር የሚያስበው ለራሱ ገላና ለራሱ ቤት ብቻ ነው። የሕዝብ ጤና አጠባበቅ የሚባለው ትምህርት ግን ከዚህ አልፎ፥ የአንዱ ቤት ጤና በጎረቤቱ አጥር ውስጥ ከሚሆነው ነገር ጋር የተያያዘ መሆኑን ያስረዳል። ይህንንም ለመረዳት የሐዋሳ ሰው ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም፤ በከተማው አጠገብ የተኛው ሐይቅ ይበቃዋል።

የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ ግን በምድር ላይ እየፈሰሰ የሚወጣ ወንዝ የለም። እንግዲህ ጎርፍ ከየመንደሩና ከየመንገዱ ጠርጎ የሚያመጣው ብዙው ነገር እዚያው ይከማቻል። በሌላ አገር ቆሻሻውን በወንዝ የጣለ ሰው፥ ጥፋቱ በታች ላለው ሕዝብ ቢተርፍም፥ ከዓይኑ ርቆ ሲሄድ ያያል። ሐዋሳ ግን የጣለውን ራሱ መልሶ የሚያገኝ አገር ነው።

ለዚህ ነገር አንዱ ምስክር ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ ነው፤ በሐይቁ አካባቢ በሚኖሩ ተማሪዎች ላይ የተደረገው ምርመራ በሽታው በዚያ መኖሩን አሳይቷል። አመጣጡም እንዲህ ነው። የታመመ ሰው በሜዳ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር በጎርፍ ተወስዶ ውሃ ይገባል። እንቁላሉ በውሃ ውስጥ ከተፈለፈለ በኋላ በአንዳንድ ዓይነት ቀንድ አውጣ ሰውነት ገብቶ ይራባል። ከዚያም ወጥቶ በዓይን ሳይታይ እየዋኘ፥ ገላውን ሊታጠብ ወይም ልብስ ሊያጥብ የገባውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ አንጀትንና ጉበትንም ይጎዳል። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ትሉን ይገድለዋል። ሆኖም ድኖ ወደዚያው ውሃ የተመለሰ ልጅ እንደ ገና ይያዛል፤ መድኃኒቱ የገባውን ያወጣል እንጂ የሚመጣውን አይከለክልምና።

በዚህ በሽታ ነገር በዓለም ስሙ የታወቀው ኢትዮጵያዊ ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. በዐድዋ ቀንድ አውጣዎችን ሲመረምር፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኘ። ነጠላና ጋቢ የሚያነጣው የእንዶድ ፍሬ የበሽታውን መተላለፊያ የሚያጠፋ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህም ሥራ በ1982 ዓ.ም. ከባልደረባው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለ። ነገር ግን እንዶድ ከቀንድ አውጣው ጋር ዓሣንም ይገድላል። ከሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ አውጥቶ ልጆቹን የሚያሳድግ ብዙ ሕዝብ ስላለ፥ ለትንሽ ጅረት የሚስማማው ነገር ለሐይቁ አይስማማም። ለሐዋሳ የሚሻለው መንገድ እንቁላሉ ከውሃው እንዳይደርስ መከልከል ነው፤ ይኸውም መጸዳጃ ቤት ነው።

የወባም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። የቀድሞ ሰዎች ንዳድ ይሉት ነበር፤ ከቈላ አየር የሚመጣ የሚመስላቸውም ብዙዎች ነበሩ። በሽታውን ከሰው ወደ ሰው የምታደርሰው ግን ትንኝ ናት፤ የምትራባውም በረጋ ውሃ ነው። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡና ሙቀቱ ከልማዱ ስለ በለጠ፥ ወባ ሕዝቡ ወዳልለመደው ወደ ወይና ደጋ ወጣ። እስከሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ድረስ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታምሞ 150 ሺሕ ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። ሐዋሳ ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቈይ የተቈረቈረው፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል በሆነ ስፍራ ሲሆን፥ ያ ወረርሽኝ በዚህ ከፍታ ያሉትንም አገሮች አልማረም። አንድ ሰው ለቤቱ ጭቃ አፈር ቈፍሮ ሳይደፍነው የተወው ጉድጓድ፥ ውሃ ሲያቍር፥ ለሰፈሩ ሁሉ ንዳድ ያፈልቃል።

መንግሥትም ይህን ነገር በሕግ ጽፎታል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ44ኛው አንቀጽ፥ ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። የአካባቢን ብክለት ለመቈጣጠር የወጣው አዋጅ ቍጥር 300/1995 ደግሞ ፋብሪካውንም ግለሰቡንም ይይዛል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየገጠሩ ቀበሌ ሁለት ሁለት የሠለጠኑ ሴቶች እንዲመደቡ ተደርጎ፥ ቍጥራቸው ከ30 ሺሕ በላይ ደረሰ፤ ኋላም ሥራው በከተማ ተዘረጋ። ነገር ግን የጤና ሠራተኛዋ ጉድጓዱን ታሳያለች እንጂ በየቤቱ እየዞረች አትደፍንም። ፋብሪካው ፍሳሹን ሳያጣራ እንዳይለቅ መቈጣጠር የባለ ሥልጣን ሥራ ነው፤ የደጅን ኵሬ ማድረቅና መጸዳጃን በንጽሕና መያዝ ግን የባለ ቤቱ ሥራ ነው። አንዱ ሌላውን እያየ ቢቀመጥ ሁለቱም ይጎዳሉ።

ይህ ደብር ኢዮቤልዩውን ሲያከብር፥ በየዓመቱ በዓል ከሩቅም ከቅርብም የሚመጣው እንግዳ ብዙ መሆኑን ምእመናኑ ያውቃሉ። በአንድ ቀን ብዙ ሺሕ ሰው በተሰበሰበበት ስፍራ መጸዳጃና የእጅ መታጠቢያ ውሃ ከጎደለ፥ እንግዳው በረከት ሊቀበል መጥቶ ተቅማጥ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ለሕንፃ ተብሎ በሚሰበሰበው ገንዘብ ውስጥ የመጸዳጃው፥ የሳሙናውና የንጹሕ ውሃው ወጪ ከመጀመሪያው ቢቈጠር፥ እንደ ትርፍ ነገር ሊታይ አይገባውም። ካህናቱም በየሰንበቴውና በየማኅበሩ ይህን ቢያሳስቡ፥ ሰው ቃላቸውን ስለሚሰማ፥ ከብዙ ማስታወቂያ ይልቅ ይጠቅማል።