የጭነት ባቡሩን ፎቶ የምናነሳው ለምንድን ነው?
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



«የሴቶች መረዳጃ ማኅበር የጭነት ባቡር ፎቶ ምን ያደርግለታል?» የሚል ጥያቄ ተነሥቷል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ገንዘቡ የሁላችን ስለሆነ እያንዳንዱ ወጪ መጠየቅ አለበት።

ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ከተማችንን የቆረቆራት ሐዲዱ ነው ማለት ይቻላል። በሽንሌ፣ በአዲጋላና በአይሻ ባቡሩ ሲቆም ሻይና ሙዝ ይዘው ወደ መስኮቱ የሚሮጡት ሴቶች ነበሩ። ከመካከላችን በዚያ ገቢ ያደግን አለን። በደረሱን የድሮ ፎቶዎች ላይ ግን የሚታዩት ሎኮሞቲቩና ሹማምንቱ ናቸው። የእናቶቻችን ድካም ደረሰኝ እንዳልተቆረጠለት ሒሳብ ሆኖ ቀርቷል፤ ሥራው ተሠርቷል፣ ማስረጃ ግን የለውም።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። የጭነት ባቡሩ ኮንቴይነርና ማዳበሪያ ከጅቡቲ ጭኖ በረሃውን ያቋርጣል፤ ለሻይ ብሎ አይቆምም። ለአገር የሚሰጠውን ጥቅም እናውቃለን። በመስመሩ ዳር የሚኖሩት ሴቶች ግን እንደ እናቶቻችን ሳይታዩ እንዲቀሩ አንፈልግም።

ስለዚህ ፎቶ የምናነሳው ፈቃድ ባገኘንበት ቦታ፣ ከሐዲዱ አጥር ውጭ ቆመን ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ቀለሙን ታደበዝዘዋለች፤ ከመሬት የሚነሣው ሙቀትም የሩቁን ፉርጎ እንደ ውኃ ያንቀጠቅጠዋል። የምንወጣው በማለዳ ወይም ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ነው። ሐዲዱ የሚታጠፍበትን ቦታ ከመረጥን ባቡሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል። ከፊት ለፊቱ ጀሪካን የተሸከመችው ወይም ፍየል የምትጠብቀው ሴት ትኖራለች፤ እርሷን ሳናስፈቅድ አናነሳም። ከፎቶው ጀርባ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከፈቀደችም ስሟን እንጽፋለን።

ከብድር ገንዘባችን አንድ ብር አልተነካም። ካሜራው የአባላት ስልክ ነው። የምንጠይቀው የማሳተሚያ ወጪ ብቻ ነው። በድሮው ባቡር የነገዱ እናቶቻችን ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ ፎቶዎቹን እያዩ የየጣቢያውን ታሪክ ሲነግሩን ከሥሩ እንጽፈው። ጉባኤው ይህን ወጪ እንዲያጸድቅልን በአክብሮት እንጠይቃለን።