ቤት የምናየው ፊልምና በር ላይ የምንሰበስበው ገንዘብ

(በቢቸና በተካሄደው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የዓመቱን ሂሳብ ስንዘጋ ሁለት ነገሮች አሳሰቡን። አንደኛው «ከቅዳሜ ፊልም» የሚለው ገቢ ነው። በአዳራሻችን የአማርኛ ፊልም እያሳየን፣ ከአንድ ሰው 10 ብር እየተቀበልን ለልጆቻችን ደብተር ገዝተንበታል። ሁለተኛው ከሞጣ የመጣ የብድር ጥያቄ ነው። አንዲት እህታችን ኮምፒውተር ገዝታ ፊልምና ዘፈን በፍላሽ እየጫነች ለመሸጥ አስባለች።

«ገንዘብ ከፍለን የገዛነው የራሳችን ነው፤ ማን ምን አገባው?» የምንል ብዙ ነን። ነገሩ ግማሹ እውነት ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሰው ለግሉ ብቻ አንድ ቅጅ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል ይናገራል። ቤተሰብ ተሰብስቦ በነጻ ቢያይም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ቡና አፍልተን ከልጆቻችን ጋር ስናይ የሚጠይቀን የለም።

አዳራሽ ከፍተን ገንዘብ ስንቀበል ግን ነገሩ የቤት መሆኑ ይቀራል። ፊልም እየጫኑ መሸጥም ለግል መገልገያ ነው አይባልም። ሆን ብሎ የሌላውን መብት የጣሰ ሰው በእስራት እንደሚቀጣ ያው አዋጅ ይደነግጋል። ታዲያ ብድሩን ብንሰጥ እህታችንን ከችግር እናወጣለን ብለን ወህኒ ልናስገባት ነው።

ሕጉ የቆመው ለፊልም ባለቤት ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት የገዛነው ሲዲ ገና ግማሹ ላይ ተቋረጠ። ሻጩ «ከተከፈተ አይመለስም» አለን፤ ደረሰኝ ስላልነበረን ዝም ብለን ተመለስን። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥ ወይም ዋጋው እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጠናል። ያለ ደረሰኝ የተጫነ ፍላሽ ቢበላሽ በምን እንከራከራለን?

ለፊልም ሠሪዎችም የምንለው አለ። አዲስ አበባ የታየውን ፊልም በአቅማችን ዋጋ ቢቸናና ሞጣ ድረስ አድርሱልን። ኦርጅናሉን ፈልጎ ያጣ ሰው የተገለበጠውን ቢገዛ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይሆንም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። የቅዳሜው ፊልም ከባለመብቱ የጽሑፍ ፈቃድ እስክናገኝ ይቁም፤ የደብተሩን ወጪ ለጊዜው ከወርሃዊ መዋጯችን እንሸፍን። የሞጣዋ እህታችን ብድሩን አትከልከል፤ በዚያው ኮምፒውተር ማመልከቻና ደብዳቤ እየጻፈች ብትሠራ ከጎኗ እንቁም። ሦስተኛ፣ ማናችንም ያለ ደረሰኝ አንግዛ።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ በሚቀጥለው ሪፖርት ይህ ገቢ ሲጎድል ብታዩ ምክንያቱ ይኸው ነው። ውሳኔው ቅር የሚያሰኛችሁ እህቶች እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ለደብተሩ የደከማችሁት እናንተ ናችሁ። ነገር ግን አንዳችን የፈተልነውን ሌላ ሰው ወስዶ ቢሸጥብን ዝም አንልም። ፊልምም የሰው ፈትል ነው።