ሙያ በልብ ነው፤ እህሉስ?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





በእንዲህ ዓይነት በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ መጋዘንና ስለ ትርፍ ክፍፍል መነገሩ የተለመደ ነው። ዛሬ ግን ነገሩን ከመጨረሻው ጫፍ፣ ከጓዳ መጀመር ይበጃል። አርሶ አደሩ ያመረተው፣ ማኅበሩ የሰበሰበው፣ ዩኒየኑ ያጓጓዘው እህል የመጨረሻ ፈተናውን የሚወስደው በሚዛን ላይ ሳይሆን በምጣድና በድስት ላይ ነው። ፈታኟም የቤት እመቤቷ ናት።

አበው “ሙያ በልብ ነው” ይላሉ። የባልትና ሙያ ለብዙ ዘመን ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈው በጽሑፍ ሳይሆን በዓይንና በእጅ ነው። መስፈሪያውም እፍኝ፣ ቁንጥር፣ ጭልፋና ጣሳ ነበር። ልጅ ከእናቷ ጎን ቆማ ስለምታይ እፍኙ ምን ያህል እንደሆነ ታውቀዋለች። ዛሬ ግን ብዙ ሴቶች፣ ወንዶችም ጭምር፣ ከእናታቸው ርቀው በከተማ ስለሚኖሩ የምግብ አዘገጃጀት መጽሐፍ ገዝተው ማንበብ ግድ ሆኖባቸዋል። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

መጽሐፉ “አንድ ኩባያ” ሲል የትኛው ኩባያ ነው? በአሜሪካ የምግብ መጻሕፍት አንድ ኩባያ ማለት 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የቤት የሻይ ብርጭቆ ግን እንደየቤቱ ይለያያል። “10 ራስ ሽንኩርት” ሲልስ? ትንሹ የሐበሻ ሽንኩርትና ትልልቁ ሽንኩርት በቁጥር እኩል ቢሆኑ በኪሎ እጅግ ይራራቃሉ። በዶሮ ወጥ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ቁሌቱ ካነሰ ወጡ ይቀጥናል፣ በርበሬውም ይገንናል።

ከፍታም የራሱ ጣጣ አለው። ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በመሆኑም በቆላ ሀገር የተጻፈ መጽሐፍ “ቦሎቄው በአንድ ሰዓት ይበስላል” ቢል፣ የደጋዋ ባለሙያ ሰዓቷን አይታ ብታወርደው ጥሬውን ታወርደዋለች። ኬክም እንዲሁ ነው። የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ በሆነበት ደጋ ጋዙ አብዝቶ ስለሚስፋፋ ኬኩ ቶሎ ይነፋና መሐሉ ይሰምጣል። ቤኪንግ ፓውደሩን ቀነስ፣ ፈሳሹን ጨመር ማድረግ ይረዳል። እስከዚህ ድረስ መፍትሔው በራሷ በባለሙያዋ እጅ ነው።

መፍትሔው ከእጇ ውጭ የሆነው ችግር ግን ሌላ ነው። አንዲት ጥንቁቅ የቤት እመቤት ትታሰብ። ዱቄቱን በኪሎ፣ ውሃውን በሊትር፣ እርሾውን በማንኪያ ለክታ በደብተሯ ትጽፋለች። ሊጡ ስንት ቀን እንደቆየ፣ አብሲቱ ምን ያህል እንደሆነ ሁሉ ተመዝግቧል። ባለፈው ወር በዚሁ ልክ ዓይናማ እንጀራ ጋገረች። በዚህ ወር አዲስ ጤፍ ገዝታ አስፈጨችና በዚያው ልክ ብታቦካ ሊጡ ቀጠነባት፣ እንጀራውም ከምጣዱ አልነሳ አላት። ደብተሯን ብታገላብጥ ስህተት አላገኘችም። ጥፋቱን በራሷ ላይ ጣለች። የተለወጠው ግን እህሉ ነበር።

እንደሚታወቀው አርሶ አደሩ የዘራውን ዝርያ በስሙ ያውቀዋል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2006 ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው ቁንጮ የተሰኘው ነጭ ጤፍ በየአካባቢው ተሰራጭቷል፤ ከዚያ በኋላም ሌሎች ዝርያዎች ወጥተዋል። ማሳ ላይ እያንዳንዱ በስሙ ይጠራል። ጆንያው ከተማ ሲደርስ ግን ስሙ “ነጭ ጤፍ” ብቻ ይሆናል። የአንዱ ዝርያ ከሌላው፣ የዘንድሮው ከአምናው ጋር ተቀላቅሎም ሊሆን ይችላል።

ጥራጥሬም ከዚህ የተለየ አይደለም። በሙቀትና በእርጥበት ውስጥ ረጅም ጊዜ የከረመ ቦሎቄ እየጠነከረ ስለሚሄድ ለመብሰል ያስቸግራል። ከአዲሱ ጋር ተቀላቅሎ ድስት ውስጥ ሲገባ ግማሹ ሲፈርስ ግማሹ ጥሬ ይሆናል። ይህን የሚያቃና መጽሐፍ የለም።

የበርበሬው ነገር ደግሞ ከጣዕም አልፎ ጤናን የሚነካ ነው። በባዶ መሬት ላይ የተሰጣ፣ በደንብ ሳይደርቅ በጆንያ የታጨቀ በርበሬ ይሻግታል። ከሻጋታው የሚመነጨው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ጉበትን ይጎዳል፣ ለጉበት ካንሰርም ያጋልጣል። በተለመደው የማብሰል ዘዴም አይጠፋም። ቁሌቱን ቀኑን ሙሉ ብታቁላላው እንኳ መርዙ ከዚያው ነው። ይህ የሚድነው በሸራ ወይም ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ በሚያሰጣው አርሶ አደር እጅ ብቻ ነው።

የተከበራችሁ አባላት፤

ከዚህ በመነሣት ከዩኒየኑና ከመሠረታዊ ማኅበራቱ ሦስት ነገሮች ይጠበቃሉ። አንደኛ፣ እህሉ በዝርያና በምርት ዘመን ተለይቶ ይከማች። ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ጆንያ ላይ የዝርያው ስም፣ የተመረተበት ዓመትና ቦታ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ንጹሑን ያቀረበ አባል በዋጋ ይለይ። አፈርና ጠጠር የቀላቀለው ከንጹሑ ጋር እኩል ከተከፈለው፣ በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም ከመቀላቀል አይመለስም። ኃላፊዎችም የሚዛኑን ትክክለኛነት እንደሚቆጣጠሩ ሁሉ የማከማቻውን እርጥበት ሊከታተሉ ይገባል።

ይህ ሁሉ ድካም ነው፤ ዋጋም ያስወጣል። ሆኖም ሸማቿ በጆንያው ላይ የተጻፈውን አምና ገዝታ ምጣዷ ከመሰከረላት ያንኑ ስም ፈልጋ ትመለሳለች። ነጋዴ ለአንድ አርሶ አደር ብቻውን ጆንያ ለይቶ አይጽፍለትም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ይህን ማድረግ የሚቻለው በማኅበር ነው።

መልካም በዓል ይሁን።