ዓይን እያየ ልብ ሲያልፍ



ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ ቆማችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዓይናችሁ አንዱን ያጌጠ ፈረስ ሲከተል፣ አጠገባችሁ ማን እንደቆመ ልብ አትሉም።

እ.ኤ.አ. በ1999 ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሰዎችን በቪዲዮ የኳስ ቅብብል አስቆጠሩ። በመሀል የጎሪላ ልብስ የለበሰች ሴት አቋርጣ አለፈች። ታዲያ ከተመልካቾቹ ግማሽ ያህሉ አላዩአትም! ዓይናቸው ጤነኛ ነው፤ ሐሳባቸው ግን ቆጠራው ላይ ነበር።

እኔም ልናዘዝ። አንድ እሑድ ዳንግላ ሳገለግል ሰዓቱን እቆጥራለሁ፣ የመጣውን ሰው እቆጥራለሁ። በር ላይ የአንዲትን እናት እጅ ጨብጬ «እንደምን ሰነበቱ?» አልኩና መልሳቸውን ሳልሰማ ወደሚቀጥለው አለፍኩ። በዚያ ሳምንት ልጃቸውን ቀብረው ነበር። የሰማሁት ከቀናት በኋላ ነው። እጃቸውን ይዤ እኮ ነበር!

ማርቆስ ምዕራፍ 10ን አንብቡ። ከኢያሪኮ ሲወጡ ብዙዎች ዕውሩን በርጤሜዎስን ዝም በል አሉት። ጌታ ኢየሱስ ግን ወደ መስቀሉ እየሄደ ሳለ ቆመ። ከእርሱ የሚበልጥ ጉዳይ የነበረው ማን ነው? ቆሞም፣ ምን እንደሚፈልግ ጠየቀው።

ወገኔ ሆይ፣ አንተስ ምን እየቆጠርክ ነው? እህቴ፣ አንቺስ? ገንዘብ ነው? ሥራ ነው? ወይስ እንደ እኔ አገልግሎት? ዛሬ ቤት ስትገቡ ስልኩን አስቀምጡ። የአንድ ሰው ፊት እዩ፤ ጠይቁ፤ መልሱን ቆማችሁ ስሙ።

ጌታ ሆይ፣ ዓይናችንን ክፈት። አሜን።